«ቤተ ሙከራ የለንም» የምትሉ፣ አረቄ ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሰሞኑን እዚሁ ጎጃም፣ በአንድ ወረዳ የመምህራን ስብሰባ ላይ የተሰጠ መመሪያ ሰማሁና ደሜ ፈላ። መመሪያው አጭር ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ የባከነው ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ እስከ 8ኛ ክፍል ድረስ በሳይንስ መጽሐፎች ውስጥ ያሉት የተግባር ሥራዎች ይዘለሉ። ፖርሽን ይሸፈን። 6ኛና 8ኛ ክፍሎች ለክልል ፈተና ይዘጋጁ።

አንድ መምህር እጁን አውጥቶ «ሳይንስ ያለ ሙከራ እንዴት ይሆናል?» ቢል፣ ከመድረክ የመጣለት መልስ ይብሳል። «ቤተ ሙከራ የት አለንና ነው? የገጠር ልጅ ቢከር አይቶ አያውቅም። በምኑ ሊሞክር ነው?»

አዳራሹ ሳቀ አሉ።

ስለባከነው ጊዜ አልከራከርም። ልጆቻችን ምን ያህል ከክፍል እንደራቁ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ልጁ የራቀው ከሳይንስ ነው ወይስ ከዲክቴሽን? ጊዜ ሲያጥር የሚቆረጠው ልጁ የማይረሳው ነገር ነው ማን አለ? አሁን ከሁሉም ያበገነኝ ግን ያ «በምኑ ሊሞክር ነው?» የሚለው ነው። ይህን ያሉት ሰው ጎጃም ውስጥ ነው የሚሠሩት። ጎጃም ውስጥ እየኖሩ አረቄ ሲወጣ አላየሁም ሊሉኝ ነው? ካላዩ ልንገራቸው።

ድፍድፉ ገንቦ ውስጥ ይገባል። ከሥሩ እሳት ይነዳል። የገንቦው አፍ ይከደንና ዙሪያው ይመረጋል፤ እንፋሎቱ እንዳያመልጥ ነው። ከዚያ መቃ ይወጣል። የመቃው ሌላኛው ጫፍ የሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ውስጥ ነው። እሳቱ ዳር የምትቀመጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ የቤቱ ሴት ልጅ ናት። 7ኛ ክፍል እንበል። እናቷ «እሳቱን አታብዢው» ይሏታል። ከበዛ ድፍድፉ ገንፍሎ በመቃው ይመጣና ልፋቱ ሁሉ ገደል ይገባል። የማቀዝቀዣው ውሃ መሞቁን በእጇ ነክታ ታውቃለች። ቀድታ ትደፋና ቀዝቃዛ ትጨምራለች። መጀመሪያ የሚወርደው ኃይለኛ፣ እየቆየ የሚወርደው ደግሞ ውሃ ውሃ የሚል እንደሆነም ታውቃለች። ማንም በሰሌዳ አላስተማራትም።

ይቺ ልጅ ጠዋት ክፍል ትገባለች። መምህሩ ድብልቅ ነገሮች የሚለዩባቸውን ዘዴዎች ሰሌዳ ላይ ይዘረዝራል። ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት፣ ቁጥር ሦስት። ትገለብጣለች። ከዘዴዎቹ አንዱ ትናንት ማታ ጭሱ ዓይኗን ያቃጠላት ሥራ እንደሆነ የሚነግራት የለም። አልኮል በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ ግድም ይፈላል፣ ውሃው ግን ከዚያ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፣ አልኮሉ ቀድሞ የሚወጣውም ለዚህ ነው ብሎ የሚያስረዳት የለም። እናቷ «እሳቱን አታብዢው» ያሉበትን ምክንያት የሚያብራራላት የለም። ማታ የሠራችውንና ጠዋት የገለበጠችውን የሚያገናኝላት አንድ ሰው ነበር፤ መምህሩ። እሱን ደግሞ ስብሰባ ጠርተው «ዝለለው» አሉት።

ከአረቄው በፊት ያለውን ደግሞ እዩት። ብቅሉ ሲበቅል የዘር አበቃቀል ትምህርት ነው። ጥንስሱ ላይ የሚታየው አረፋ እርሾ ስኳር በልቶ ያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን ማሳየት ከባድ ነው? ባዶ ሃይላንድ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ስኳር፣ እርሾ፣ አፉ ላይ ፊኛ። ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ፊኛው መነፋት ይጀምራል። ይህን ያየ ልጅ ሲያረጅም አይረሳው። «እርሾ ማለት...» ብሎ ትርጉም የጻፈ ልጅ ግን ከፈተናው ማግስት ይረሳዋል።

አረቄ ለልጅ አስተምሩ አላልኩም፤ ነገር አታጣሙብኝ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ይፍላ። እንፋሎቱ በሚወጣበት በኩል ቀዝቃዛ የድስት ክዳን ይያዝ። ክዳኑ ላይ የተጠራቀመው ጠብታ ሲቀዘቅዝ ይቅመሱት። ጨው የለውም። አለቀ። ቢከር የት አለ?

ሌላ ልጨምር። መጽሐፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። በባሕር ጠለል ላይ ነው፣ ልክ ነው። ደብረ ማርቆስ ግን ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚያ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃውም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ጮቄ አናት ላይ ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ጮቄ ሥር የምትኖር እናት ባቄላው አልበስል ያላት ባለሙያ ስላልሆነች አይደለም። አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ድስት ውሃ ይህን ሁሉ ያሳያል። ልጁ በዓይኑ 92 ቢያይና ፈተና ላይ የደብረ ማርቆስን ውሃ አስቦ 92 ብሎ ቢመልስስ? ኤክስ! መመሪያው ሊያጸናልን የፈለገው ትምህርት ይህ ነው።

ቴርሞሜትርም የለም እንበል። እሺ፣ ዱላ አለ? ደብረ ማርቆስ ላይ ሚያዝያ 9 ግድም፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ፀሐይ ልክ አናት ላይ ትሆናለች። ቀጥ አድርጎ የተተከለ ዱላ ጥላ ያጣል። ነሐሴ ላይም ይደገማል፤ የነሐሴን ሰማይ ግን ታውቁታላችሁ። ባሕር ዳር ላይ ይህ የሚሆነው ከሦስት አራት ቀን በኋላ ነው። እንግዲህ ሚያዝያ 9 ሁለት ትምህርት ቤቶች በስልክ ይደዋወሉ። ደብረ ማርቆስ ያለው ዱላ ጥላ ሲያጣ፣ ባሕር ዳር የተተከለ 1 ሜትር ዱላ 2 ሴንቲ ሜትር ግድም ጥላ ይኖረዋል። ከዚያች ጥላና በሁለቱ ከተሞች መካከል ካለው ርቀት ተነስቶ የመሬትን ዙሪያ መገመት ይቻላል። ሸካራ ግምት ይሆናል፤ ይሁና! ኤራቶስቴንስ የሚባል የጥንት ግሪክ ሊቅ የዛሬ 2,200 ዓመት ገደማ በዚሁ ዘዴ ነው የሠራው። የተጠቀመባት ከተማ አስዋን ደግሞ የእኛው ዓባይ የሚያልፍባት ናት። ውሃው ከእኛ ሄደ፤ ሙከራው ግን ወደ እኛ ለመምጣት ቤተ ሙከራ እስኪሠራ ይጠብቃል።

ስብሰባው ላይ «ካስፈለገ በስልክ ቪዲዮ ማሳየት ይቻላል» የሚልም ነበር አሉ። ፕላዝማን ረሳነው? በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ስንት ስክሪን ተሰቀለ? ስክሪኑ ይናገራል፣ ተማሪው ያያል፣ መምህሩ ጥግ ይዞ ይቆማል። ያልገባው እጁን ቢያወጣ ስክሪኑ አያየውም። ከዚያ ዘመን የተረፈን ነገር ቢኖር የተሰበረ የስክሪን ሳጥን ነው።

«ፈተናስ?» ለሚለው ደግሞ ፈተናውን እንየው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ይህ የሽምደዳ ፍሬ ነው። ኩረጃው ሲቆም ሽምደዳው ብቻውን ቀረና እርቃኑን አየነው። ሌላም ምክንያት አለው የሚለኝ ይኖራል። ይበለኝ። ከ100 ተማሪ 97ቱን የጣለን መንገድ «ጊዜ ስለሌለን በዚሁ እንቀጥል» ማለት ግን ምን የሚሉት ብልሃት ነው?

ባህላችን ሽምደዳ ነው የሚሉም አልጠፉም። ይህን ጎጃም ላይ ቆሞ መናገር ድፍረት ነው። የዋሸራና የዲማ የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሸምድዶ ቅኔ አዋቂ ሆኖ ያውቃል? በየቀኑ የራሱን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል፤ በማግስቱ እንደገና። ሠርቶ ያላሳየ አይመረቅም።

አንድ ነገር ልመን። 80 ልጅ በታጨቀበት ክፍል፣ የቧንቧ ውሃ በሌለበት ግቢ ማስተማር ቀልድ አይደለም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ) ማዕከል አለው፤ ደስ ይላል፤ የሰከላን ልጅ ግን ማን ያደርስለታል? ለየትምህርት ቤቱ የተባለው ቤተ ሙከራ ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ ነው። እስከዚያው ያለን መምህሩ ነው።

መምህሩንም አስረነዋል። የማውቀው አንድ ትምህርት ቤት አለ፤ ስሙ ይቅር። ማይክሮስኮፕ አለው። አዎ፣ አለው! ከነካርቶኑ፣ ፕላስቲኩ ሳይላጥ ንብረት ክፍል ተቀምጧል። በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል፤ በሞዴል 22 ወጪ የሚያደርገው ግን ጠፍቷል። ምክንያቱም የፈረመ ይጠየቃል። ልጅ ነካክቶ ከሰበረው ከመምህሩ ደመወዝ ሊቆረጥ ነው። በዚህ ኑሮ ማን ይፈርማል? እኔም አልፈርም። ስለዚህ ዕቃው በየዓመቱ ቆጠራ ይደረግለታል፤ «በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» ይባላል። ዕቃው ደህና ነው። ልጆቹን የቆጠረ የለም።

ያን መመሪያ ላወረዱት ኃላፊዎች አንድ ሥራ አለኝ። በጀት አያስወጣም፤ ስብሰባም አያስጠራም። አንድ ደብዳቤ ብቻ ይጻፉ። ሲያስተምር የተሰበረ ዕቃ ከመምህር ደመወዝ አይቆረጥም፤ በቃለ ጉባኤ ይወገዳል ይበሉ። ሚያዝያ 9 ደግሞ ማንም ርዕሰ መምህር «ተማሪዎቹን ለምን ሜዳ ላይ ፀሐይ ላይ አቆምካቸው?» ብሎ መምህር እንዳይጠይቅ ይበሉ። ግልባጩም ለንብረት ክፍል ይድረስ።