ፎርማት አርገው!

ላፕቶፕ ከቲቪ ጋር ለማገናኘት አንድ ኤችዲኤምአይ ኬብል ይበቃል የሚል ሰው በበዓል ቀን ሞክሮት አያውቅም። ሰሞኑን እንግዳው ተሰብስቦ ፊልም ልክፈት ብዬ ስሰካው ምስሉ ዳር ዳሩ ተቆርጦ መጣ፣ ስታርት የምትለዋ በተን የለች፣ ሰዓቱ የለ፣ ሰብታይትሉ ወገቡ ላይ ተቆርጧል። ወዲያው ከሶፋው በኩል «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት አርገው!»

ጋሼ ናቸው። እሳቸው ዘንድ ፎርማት የማያድነው በሽታ የለም፣ ስልክ ቻርጅ አልይዝ ሲልም ፎርማት ነው ያዘዙት። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የምትል ተረት አለች በጣም ነው የምወዳት፣ እኛ ቤት ግን ከበሮውን ሳይነኩት የሚያስጨፍሩ ናቸው የሞሉት።

ችግሩ እኮ ላፕቶፑ አይደለም። ድሮ በዚያ ሆዳም ቲቪ ዘመን የምስሉ ጠርዝ ስለማያምር ቲቪው ትንሽ ለጠጥ አርጎ ዳሩን ይደብቀው ነበር፣ ኦቨርስካን ይሉታል፣ ጠፍጣፋውም ይሄን አመል ወርሶ ላፕቶፑ ምስሉን በቲቪው ልክ 1920 በ1080 ነጥብ (ፒክስል) አስተካክሎ ቢልክለትም ይቆርጠዋል። መፍትሄው የቲቪው ሜኑ ላይ ፒክቸር ሳይዝ ገብተህ ምስሉን ሳይቆርጥ እንዳለ የሚያሳየውን ጀስት ስካን ወይም ስክሪን ፊት የሚለውን መምረጥ ነው፣ አንዳንዱ ቲቪ ላይ ደግሞ ኬብሉ የተሰካበትን የኤችዲኤምአይ መግቢያ ስም ፒሲ ብለህ ስትቀይረው ይስተካከላል። አለቀ።

አላለቀም፣ ሪሞት ያስፈልጋል። ሪሞቱ ከተገዛ ጀምሮ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ነው፣ ላስቲኩ ጠቁሮ ሜኑ የቱ እንደሆነ አይታይም፣ ልቅደደው ስል እትዬ «ኧረ እንዳይቆሽሽ!»። ለማን እንደሚቀመጥ እንጃ፣ ለልጅ ልጅ የሪሞት ውርስ!

ከዚህ ሁሉ ግን የሚያበግነኝ፣ ሰዉ የተለጠጠ ምስል ለዓመታት ማየቱ ነው። ለካሬው ስክሪን የተቀረፀ የሰርግ ቪዲዮ ሰፊው ቲቪ ላይ ተጎትቶ ሙሽራዋ በወርድ ሲሶ ያህል ትጨምራለች፣ አስተካክሉት ስትል «ዋናው መታየቱ ነው» ይሉሃል። አይደለም! ሴትዮዋ እንደዛ አይደለችም!

ብቻ ጀስት ስካን አልኩት፣ ስታርቷም ብቅ አለች። ጋሼ «ኬብሉ ነበር ላላ ያለው» አሉ። የአክስቴ ልጅ ደሞ ጽሁፉ አነሰ ብሎ ሬዞሉሽኑን 1024 በ768 አርጎት ቁጭ፣ ቲቪውም ስክሪኑ እንዲሞላ ጎተተው። ኧረ መልሰውና ስኬሉን፣ ማለትም የጽሁፉን ማጉያ፣ 150 ፐርሰንት አርገው እያልኩ ነው፣ ማን ይስማኝ፣ ፊልሙ ተጀምሯል፣ አክተሩም ወፍሯል።