የመቀስ ሹመት

በቤቱም ሆነ በመሥሪያ ቤቱ ሰሚ ያጣ ሰው፣ ቅዳሜ ጠዋት የመግረዣ መቀስ ጨብጦ በአበባ ቁጥቋጦዎቹ ፊት ሲቆም የሚላበሰው ግርማ ሞገስ ልዩ ነው። ቁጥቋጦ አይከራከርም፣ ስብሰባ ይጠራልኝ አይልም፣ ይግባኝም አይጠይቅም። ባለመቀሱ መቀሱን እንዲያው በባዶው ቀጭ ቀጭ ያደርግና፣ ጥቂት ወደ ኋላ ብሎ አንገቱን ዘመም አድርጎ ከተመለከተ በኋላ ፍርዱን ይጀምራል።

የዚህ ችሎት ችግር የተከሳሹን ማንነት አለማጣራቱ ነው። እንደ ሊላክና ፎርሲቲያ ያሉት ቁጥቋጦዎች የሚያብቡት ባለፈው ወቅት ባደገ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ፣ የመጪውን አበባ እምቡጥ ከወራት በፊት ቋጥረው ይጠብቃሉ፤ በመሆኑም መገረዝ ያለባቸው አበባቸው እንደረገፈ ወዲያው ነው። ሂቢስከስና አብዛኞቹ ዘመናዊ ጽጌረዳዎች ግን በአዲስ ቀንበጥ ላይ ስለሚያብቡ፣ ማቆጥቆጥ ከመጀመራቸው በፊት ቢገረዙ ቅር አይላቸውም። ባለመቀሱ ሁሉንም በአንድ ቀን አሰልፎ ይከረክምና፣ ወቅቱ ደርሶ ሊላኩ ቅጠል ብቻ ይዞ ሲቀርብ አፈሩን ይረግማል፣ የጎረቤቱን ዛፍ ጥላ ይከሳል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ማለት ይኸው ነው። ከዚያም በንዴት ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ይደፋበታል፤ ናይትሮጅን ደግሞ ከአበባ ይልቅ ቅጠል የሚያበዛ በመሆኑ፣ ተክሉ በቀጣዩ ዓመት የባሰውን ለምልሞ ያናድደዋል።

ሌላው አባዜ ማንኛውንም ቁጥቋጦ ኳስ ማስመሰል ነው። ላይ ላዩን ብቻ ደጋግሞ የተከረከመ ተክል በጫፉ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ያበጅና ብርሃን ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ገለጥ አድርገው ቢያዩት ውስጡ እርቃኑን የቀረ ደረቅ እንጨት ነው። እንግዳ የሚቀመጥበትን ክፍል ብቻ የሚያጸዳ ቤተሰብ ይህን ዓይነት ኳስ አጥብቆ ቢወድ አያስገርምም።

ደንበኛው አገራረዝ ይህን ያህል ትዕይንት የለውም። በቅድሚያ የደረቀው፣ የታመመውና እርስ በርሱ የሚፋተገው ቅርንጫፍ ይወገዳል። ቀጥሎ ወደ ውጭ የዞረች እምቡጥ ትፈለግና፣ ከእርሷ በላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ተትቶ፣ ውኃ ወደ እርሷ እንዳይወርድ ቁርጡ በተቃራኒው አቅጣጫ ዘንበል ይደረጋል። በጣም ከተራቀ የተረፈው ጉቶ ደርቆ ይበሰብሳል፤ በጣም ከተቀረበ እምቡጧ ትጎዳለች። በሽታ ከተክል ወደ ተክል እንዳይዛመትም መቀሱ በአልኮል ይጠረጋል፤ ይህችን ግን ማንም አያደርጋትም።

ቁጥቋጦው ያረጀ እንደሆነ የአጥር ላይ አማካሪዎች ይነሣሉ። አንዱ «ከሥሩ ገንድሰው!» ሲል፣ ሌላው «ከነካኸው አለቀልህ!» ይላል፤ ሁለቱም በሕይወታቸው አንድ አበባ ተክለው አያውቁም። ለብዙዎቹ ባለ ብዙ ግንድ ቁጥቋጦዎች የሚበጀው፣ ካረጁት ግንዶች ሲሶውን በየዓመቱ ከመሬት አስጠግቶ እየቆረጡ በ3 ዓመት ውስጥ ተክሉን ማደስ ነው። ይህ ምክር ግን ለባለመቀሱ አይጥመውም፤ 3 ዓመት ሙሉ ለሚሠራ ሥራ ማን ቆሞ ያጨበጭብለታል? ደግሞም እንግዶቹ የሚመጡት ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው።