ሁለት ጊዜ ዲ ስንጫን «ድድ» የሚሆንብን ሰዎች ብሶት

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ኑሮ ውድነት አይደለም፤ ቪም የሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ስላደረሰብኝ በደል ነው። የመሥሪያ ቤታችንን ሰርቨር እንድከታተል ከተመደብኩ ወዲህ፣ ማውዝም ሜኑም በሌለበት በዚያ ጥቁር የተርሚናል መስኮት ውስጥ አንዲት መስመር ለማስተካከል የማጠፋው ጊዜ፣ ደብዳቤ ጽፌ፣ አስፈርሜና ማኅተም አስመትቼ ወጪ ከማደርግበት ጊዜ ይበልጣል።

እዚያ ቤት ፊደል ፊደል አይደለም። ፋይሉ እንደተከፈተ የምትጫኑት ቁልፍ ሁሉ ትእዛዝ ነው፤ ለመጻፍ መጀመሪያ «አይ» (i) የሚለውን ቁልፍ መጫን፣ ጽፋችሁ ስታበቁ ደግሞ በኢስኬፕ ወደ ትእዛዙ መመለስ አለባችሁ። ይህን ሳላውቅ ዳታቤዝ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ብጽፍ፣ ፋይሉ ላይ የሰፈረው «ቤዝ» የሚለው ብቻ ሆነ። ለካ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደሎች ለማጥፊያ ትእዛዝ ተቆጥረው ባክነዋል፤ አራተኛዋ «ኤ» ደግሞ የመጻፊያውን በር ከፍታ ራሷ ጠፍታለች። ካፕስ ሎክ ሳይታወቃችሁ በርቶ ከሆነማ፣ ወደ ታች ልውረድ ብላችሁ ጄን ስትጫኑ ሁለት መስመር ተጣብቆ ይጠብቃችኋል። ከልማድ የተነሣ ኮንትሮል ኤስ ብላችሁ ሴቭ ለማድረግ ከሞከራችሁ ደግሞ በብዙ ተርሚናሎች ላይ ስክሪኑ ድርቅ ይላል፤ በኮንትሮል ኪው እንደሚፈታ እስካውቅ ድረስ ስንት ጊዜ መስኮቱን ዘግቼ እንደ አዲስ እንደጀመርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

የሚያውቁት ሰዎች «ቀላል እኮ ነው» ይሉኛል። አብሮት የሚመጣው መለማመጃም ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ ይናገራል። እኔ ሦስት ጊዜ ጨርሼዋለሁ።

ነገሩን ሳጣራው ጣቶቼ የሚቀጡት ዓይኔ ባላየው ኪቦርድ ምክንያት ነው። ቢል ጆይ የተባለው አሜሪካዊ ፕሮግራመር የቪም አባት የሆነውን ቪአይን በ1976 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ የተጠቀመበት ኤዲኤም 3ኤ የተባለው ተርሚናል (የዚያ ዘመን ባለ ኪቦርድ ስክሪን)፣ ቀስቶቹ የተሳሉት ኤች፣ ጄ፣ ኬ እና ኤል በተባሉት ቁልፎች ላይ ነበር፤ ኢስኬፕም ዛሬ ታብ በተቀመጠበት አካባቢ፣ ለትንሿ ጣት ቅርብ ሆኖ ይገኝ ነበር። የእኔ ላፕቶፕ ኢስኬፕ ግን ማዶ ጥግ ላይ ነው። ቪምን በ1991 ያወጣው ብራም ሙሌናር፣ ነፍሱን ይማርና፣ ደግ ሰው ነበር፤ ፕሮግራሙን ባዶውን ስትከፍቱት የዩጋንዳን ድሃ ልጆች እርዱ የሚል መልእክት ይቀበላችኋል። ለዩጋንዳ ልጆች የራራ ልብ ለእኔም ትንሽ ቢራራ ምን ነበረበት?

እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ፈረንጁም ያማርራል። የእኛ ግን ተደራቢ አለው። የአማርኛው ኪቦርድ በርቶ ከቀረ፣ መስመር ላጥፋ ብዬ ሁለት ጊዜ ዲ ስጫን ለፕሮግራሙ የሚደርሰው «ድድ» ነው፤ እርሱ ደግሞ ድድ ብሎ ነገር አያውቅም፣ ዝም ብሎ ያየኛል። ሴቭ አድርጎ የመውጫው ትእዛዝ (:wq) የሚጀምርበት ኮለንም በእኔ ኪቦርድ ሁለት ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ሰማይና ምድር ናቸው።

ባለፈው ሐሙስ ማታ በአንድ የሰርቨሩ አገልግሎት ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ የፖርት (የመገናኛ በር) ቁጥር እየለወጥኩ ሳለ እኅቴ በቴሌግራም ጻፈችልኝ፤ በአማርኛ መለስኩላትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ቁጥሩ በሁለቱም ኪቦርድ አንድ ስለሆነ አልነቃሁም። ኢስኬፕንም ረስቼ የመውጫውን ትእዛዝ ስጽፍ፣ ከፖርቱ ቁጥር ጎን «፡ውቅ» የሚል ነገር ሰፈረ። ደንግጬ ኪቦርዱን መለስኩ፣ ኢስኬፕ አልኩ፣ በትክክለኛው ትእዛዝ ሴቭ አድርጌ ወጣሁና ተኛሁ። «፡ውቅ»ን ግን አላጠፋኋትም።

ጠዋት አገልግሎቱ አልነሣ አለ። አለቃችን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህቺ ‹ውቅ› የምትለው ‹ውቅር›ን ለማሳጠር ነው?» አሉኝ። አዎን አልኳቸው።