ለጥቂት ሳምንታት የምትሄድ አዋላጅ፦ በወንጌል ተልእኮ ስም ማዋለጃ ክፍል መግባት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የምትሠራ አዋላጅ ባለሙያ በቤተ ክርስቲያኗ በኩል ለጥቂት ሳምንታት ወደ አንድ የአፍሪካ የገጠር ሚስዮን ሆስፒታል በበጎ ፈቃድ ልትሄድ ትፈልጋለች። ትሂድ ወይስ ትቅር? ሁለቱም ተከራካሪዎች አዋላጅ ባለሙያዎች ናቸው። ደጋፊዋ የተልእኮ ቡድኖችን ታዘጋጃለች፤ ተቃዋሚው አዋላጅ ተማሪዎችን ያስተምራል።

ደጋፊ

እናቶችን ከሚገድለው ነገር ልጀምር። ከወሊድ በኋላ ደም መፍሰስ ሲጀምር አንዱ ማሕፀን ያሻል፣ ሌላው የደም ሥር ከፍቶ ፈሳሽ ይሰጣል፣ ሦስተኛው መድኃኒት ይቀዳል። በገጠር ሆስፒታል ሌሊት ግን ተረኛዋ ብዙ ጊዜ አንድ ናት፤ በዚያው ሰዓት በሌላው አልጋ ላይ ምጥ የያዛት እናት አለች። በ2021 የወጣው የዓለም አዋላጆች ሁኔታ ሪፖርት በዓለም ላይ 900,000 አዋላጆች እንደሚጎድሉ ገልጿል። ይህ ጉድለት የሚያርፈው በዚያች ተረኛ ትከሻ ላይ ነው።

እጅ ብቻ አይደለም የሚጎድለው። በ2023 ውጤቱ የወጣው ኢ-ሞቲቭ የተባለው ጥናት በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ ባሉ 80 ሆስፒታሎች ተካሂዷል። ልኬት ያለው ደም መሰብሰቢያ ፕላስቲክ ከእናቲቱ ሥር ይነጠፋል፤ ደሙ 500 ሚሊ ሊትር ሲደርስ ማሸቱ፣ ማሕፀን የሚያኮማትረው መድኃኒት፣ ደም እንዲረጋ የሚረዳው ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽና የደሙን ምንጭ ፍለጋ ተራ ሳይጠባበቁ አንድ ላይ ይሠራሉ። ከባድ መድማት፣ ለመድማት ሲባል የሚደረግ የሆድ ቀዶ ሕክምናና በመድማት መሞት በአንድነት ሲቆጠሩ በ60 በመቶ ቀንሰዋል። ይህን በፈረቃ ቅብብል ላይ በየቀኑ ሩብ ሰዓት እየተለማመዱ በሁለት ሳምንት ማስለመድ ይቻላል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ማስተንፈስም እንደዚሁ ነው፦ ማድረቅ፣ ጀርባውን ማሸት፣ ካልተነፈሰ በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ (በእጅ በሚጨመቅ የማስተንፈሻ ከረጢት) በደቂቃ 40 ጊዜ ያህል ትንፋሽ መስጠት፤ ደረቱ ካልተነሣ ማስኩን አስተካክሎ መግጠም፣ ጭንቅላቱን ማቃናት፣ አፉን ማጽዳት። ልምምዱ ካልተደጋገመ እጅ ይረሳዋል።

ተልእኮ ምን ማድረግ እንደሚችል በአገራችን አይተናል። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በ1959 ወደ አዲስ አበባ የመጡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር፤ ያመጣቸውም እምነታቸው ነው።

ተቃዋሚ

እህቴ ሃምሊኖችን ማንሳትዎ ለእኔ ይመሰክራል። የመጡት በሦስት ዓመት ውል ነው፤ ዶክተር ሬጂናልድ በ1993፣ ዶክተር ካትሪን በ2020 እስኪያርፉ ድረስ ሥራቸውን አልተዉም። የፊስቱላ ሆስፒታሉን በ1974 ከፈቱ። የአዋላጆች ኮሌጁ የተከፈተው በ2007 ነው፤ ከገጠር ተማሪዎችን ተቀብሎ አስተምሮ ወደ ገጠር ይመልሳል። ለጥቂት ሳምንታት መጥቶ ከሚሄድ ሰው ጋር የሚያመሳስለው አንድም ነገር የለም።

አሁን ወደ አልጋው ጎን እንቅረብ። አንዲት እናት የደም ግፊቷ ንሮ ተንቀጠቀጠች። እንግዳዋ አዋላጅ በአገሯ መንቀጥቀጡን የሚያቆመውን ማግኒዥየም ሰልፌት የምትሰጠው በኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። እዚህ ፓምፕ የለም፤ በእጅ ይቀዳል። መጠኑ 50 በመቶ ከሆነው መድኃኒት 8 ሚሊ ሊትር በ12 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ይቀጠንና 20 በመቶ የሆነው 4 ግራም ቀስ ተብሎ በደም ሥር ይገባል፤ ከዚያ ሳይቀጠን በእያንዳንዱ መቀመጫ 5 ግራም ይወጋል። አምፑሉ አንዳንዴ 2 ሚሊ ሊትር፣ አንዳንዴ 10 ሚሊ ሊትር ሆኖ ይመጣል፤ አንዱ 1 ግራም ሲይዝ ሌላው 5 ግራም ይይዛል። ስያሜውን ብቻ አይታ የቀዳች አምስት እጥፍ ልትሰጥ ትችላለች። በየ4 ሰዓቱ ቀጣዩ መጠን ከመሰጠቱ በፊት ትንፋሹ በደቂቃ 16 እና ከዚያ በላይ መሆኑ፣ የጉልበት ምላሽ መኖሩ፣ ሽንት በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መሆኑ ይታያል፤ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም ከአጠገብ መቀመጥ አለበት። የአገሬው ተረኛ ይህን ተኝታም ታውቀዋለች። እንግዳዋ ገና ካቢኔቱን እየፈለገች ነው።

ምጡን የምትቆጥርበት መስመርም ይለያያል። የቀድሞው ፓርቶግራፍ (የምጥ መከታተያ ሰንጠረዥ) ንቁ ምጥን የማሕፀን በር 4 ሴንቲ ሜትር ከተከፈተበት ይጀምራል፣ የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 መመሪያ ከ5፣ አሜሪካ ውስጥ የተማረች ደግሞ ከ6። ሆስፒታሉ የሚጠቀምበትን ሳትጠይቅ ከወሰነች ወይ ምጡን ያለጊዜው ታፋጥናለች፣ ወይ ሪፈሩን ታዘገያለች። ቋንቋውንም ካላወቀች፣ የሕፃኑ ትከሻ ሲያዝ አስተርጓሚ የሚጠበቅበት ጊዜ የለም።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ የተማሪዎቹ ነገር ነው። አንዲት አዋላጅ ተማሪ ለመመረቅ በመዝገቧ ላይ የምታስፈርመው የወሊድ ቁጥር አለ። እንግዳዋ "ልምድ ልቅሰም" ብላ የምታዋልዳት እያንዳንዷ እናት ከዚያች ልጅ ላይ የተወሰደች ናት። ልጅቱ ነች እዚያ የምትቀረው።

ደጋፊ

ተማሪዎቹን በተመለከተ ወንድሜ ያሉት ልክ ነው፤ ጓንት የምታጠልቀው ተማሪዋ ትሁን። ከዚህም አልፌ ልሂድ፦ የአገሩን ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ ያልያዘች እናት አትንካ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተረኛዋ ጋር ተጣምራ ትይ እንጂ አትወስን፤ መድኃኒት ለብቻዋ አትቅዳ። ያልኩት የሚሆነው ሆስፒታሉ በጽሑፍ ሲጠይቅ ነው፤ ያልጠራን ቦታ አንሄድም።

ከውጭ የመጣ ዓይን የሚያየውን ግን አይናቁ። ማሕፀን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። በብዙ ማዋለጃ ክፍል አምፑሎቹ "ለመፍጠን" ተብለው በመስኮት ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ። ሙቀቱ አቅማቸውን ይበላል፤ 10 ዩኒት በጡንቻ ተሰጥቶ ማሕፀኑ ሳይኮማተር ይቀራል፤ ሰውም "መድኃኒቱ አይሠራም" ብሎ ይደግማል። በየቀኑ የሚያየው ሰው ለምዶታል። ሙቀት የሚቋቋም ካርቤቶሲን 100 ማይክሮ ግራም በሚገኝበት፣ ያን መድማትን ለመከላከል መጠቀም ይቻላል ብሎ የሚናገርም ያስፈልጋል።

ተቃዋሚ

አምፑሉ ጠረጴዛ ላይ የሚያድረው ባለማወቅ ብቻ አይደለም። ጄኔሬተሩ ሌሊት ይጠፋል፣ ፍሪጁ ያለው ፋርማሲ ውስጥ ነው፣ የፋርማሲው ቁልፍ ከኃላፊው ጋር ቤቱ አድሯል። ለማዋለጃ ክፍሉ አንድ ትንሽ የፀሐይ ኃይል ፍሪጅ ቢገዛ በአንድ የአውሮፕላን ትኬት ከሚመጣ ምክር ይበልጣል። ይዛችሁ የምትመጡትም ሻንጣ ይፈተሽ፦ በ110 ቮልት የሚሠራ የሕፃን ማሞቂያ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ለእርዳታ የሚላክ መድኃኒት ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲቀረው ይላል፤ ቀኑ ሊያልፍ የተቃረበ መድኃኒት ለተቀባዩ የማቃጠያ ወጪ ነው።

ስለ ጸሎቱም ልናገር፤ ክርስቲያን ነኝና አይፈሩኝ። ምጥ የያዛት እናት አልጋ ላይ ተጋድማ "አልፈልግም" ማለት አትችልም፤ ጸሎቱን እምቢ ብትል የምትጣል ይመስላታል። ማርያምን እየጠራች የምታምጥ ኦርቶዶክስ፣ ልጇ እንደተወለደ በጆሮው አዛን እንዲባልለት የምትፈልግ ሙስሊም አለች። እጅ ጭኖ ጮክ ብሎ መጸለይ እዚያ ቦታ ላይ ግፊት ነው።

ደጋፊ

አዛኑን የሚያደርሰው አባት በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ሕፃኑን አድርቆና አሙቆ ወዲያው መስጠት የእኛ ሥራ ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ጸሎት የሚጠየቀው በቅድመ ወሊድ ክትትል ጊዜ፣ በአገሬው ሠራተኛ፣ በእናቲቱ ቋንቋ ነው፤ አልፈልግም ካለች ካርዷ ላይ ይጻፋል፤ ማንም አይደግምባትም። የሠራተኞቹ የጠዋት ጸሎት ግን በተረኛ ክፍላቸው ይቀጥላል። ለምን እንደመጣን የሚጠይቀን ሰው ካለም እምነታችንን አንደብቅም።

ተቃዋሚ

የተረኛ ክፍሉን ጸሎት አልተቃወምኩም። ካርዱ ላይ የሚጻፈውን ግን እናቲቱ ማንበብ ካልቻለች፣ ከሠራተኛው ሌላ የቤተሰብ ምስክር ይኑርበት። ፈቃድ፣ የሆስፒታሉ የጽሑፍ ጥሪ፣ ተማሪዋን ማስቀደም፦ እነዚህ በውሉ ላይ ከተፈረሙና ቆይታው ቢያንስ ሦስት ወር ከሆነ ተቃውሞዬን አነሣለሁ። ለሦስት ሳምንት የምትመጣዋ ግን ማሠልጠኛ አሻንጉሊቱን ይዛ ትምጣ፤ እናት አትንካ።