ከደብረ ብርሃን ሲታይ

ስለ ዓለም ታላላቅ ከተሞች ጽሑፍ ያወጡት ጸሐፊ ዓለምን የሚያሽከረክሩት ኒውዮርክ፣ ለንደንና ቶኪዮ ናቸው ብለዋል። ልክ ነው፣ ገንዘቡ እዚያ ነው። ግን ነገሩን ከላይ ብቻ ነው ያዩት። እስቲ ወደ ሰሜን ሸዋ ብቅ ይበሉ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ናት፤ ዱሮ የምትታወቀው በብርዷና በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ነበር፣ ዛሬ ቻይናዎች የገነቡት የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ ሐበሻ ቢራም የሚጠመቀው እዚሁ ነው፣ የቢራው ትልቅ ባለድርሻ ደግሞ የሆላንድ ኩባንያ ሆኗል። የእኛ ገበሬ የቢራ ገብስ ሲዘራ ፓስፖርት ሳያወጣ ከሆላንድ ጋር ተገናኘ ማለት ነው!

ችግሩ ውሳኔው ከሩቅ መምጣቱ ነው። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው የንግድ ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ስታስወጣ ከቀረጥ ነፃ የነበረው ገበያ ተዘጋ። ሥራ ያጡት ግን ሐዋሳ ልብስ ሲሰፉ የነበሩ ልጃገረዶች ናቸው። ለነገሩ አዲስ አበባም ለእኛ ያው ናት። የአፍሪካ ኅብረቱም፣ ቦሌም፣ የባንኮቹ ዋና መሥሪያ ቤትም እዚያ፤ ለአንድ ፊርማ በሌሊት ተነስተን ሚኒባስ የምንሳፈረው እኛ። በሚቀጥለው ጽሑፍዎ እንዲህ ያሉ ከተሞችንም ቢያነሱ ደስ ይለናል።