ለእመት ቁንጫ፣ ባሉበት

ቁጥር፦ ቁ/50/በቀን
ለእመት ቁንጫ
ከእንግዳ ክፍሉ አልጋ ሥር፣ ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ለእንግዳ ስለሚያደርጉት አቀባበል ምስጋና ስለማቅረብ

ክብርት ሆይ፣

ጎጃም እንግዳ ተቀባይ ነው ሲባል ትዝ የሚለን እግር አጥቦ፣ መደቡን ለቆ የሚያሳድር ባላገር ነበር። ለካ ከሁሉም የሚበልጡት እርስዎ ኖረዋል። ለሥራ መጥቶ ባሕር ዳር ቤት የተከራየ ፈረንጅ አማቱን ለጥምቀት ሲጠራ፣ አንሶላ የሚገዛው በዋዜማው ነው። እርስዎ ግን የእንግዳ ክፍሉን ወለል ከነሐሴ ጀምሮ አሰናድተው ይጠብቃሉ።

አመጣጥዎን እናውቃለን። ሐምሌ ላይ ጎርፉ ቱቦውን ሲሞላው እናታቸው የጠፋችባቸው የድመት ግልገሎች ይጮኻሉ። ፈረንጅ ደግሞ አንጀቱ አይችልም፤ በካርቶን ይዟቸው ይገባል። ጎረቤት «የላም ወተት ስጣቸው» ይላል፣ እሱም ይሰጣል፣ ተቅማጡ በማግሥቱ ይጀምራል። ይኼ እንኳ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ብቻ ሰውዬው ሦስት ነፍስ ያስገባ ይመስለዋል፤ እርስዎን አልቆጠረም።

መቁጠሩስ ቀላል ነበር። ግልገሏን ነጭ ጨርቅ ላይ አቁሞ ጠጉሯን አጥብቆ ቢያሸው፣ እንደ ተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ያለ ጥቁር ብናኝ ይረግፋል። በእርጥብ ጥጥ ሲነካ አፈር ከሆነ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፤ ቀይ ቡናማ ሆኖ ከተሰራጨ የጠጡት ደም፣ ማለትም ኩስዎ ነው። ግልገሏ 400 ግራም ብትመዝን ነው። ከእርሷ ላይ በማኅበር ሲቀዱ ድዷ ይነጣል፣ ጡጦውን ትተዋለች፣ ገላዋ ይቀዘቅዛል። ቤተሰቡም «ብርድ መታት» ብሎ ይቀብራታል። ስምዎ አለመነሣቱ ትሕትናዎን ያሳያል።

አንዳንድ ውለታ ቢስ ደግሞ አለ። ጥርሱ የጠበበ ሚዶ፣ ጎድጓዳ ሳህን፣ 38 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ውኃና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይዞ ይቀመጥብዎታል። መጀመሪያ በአንገቷ ዙሪያ የአረፋ ቀለበት ያስራል፤ ገላዋ ሲረጥብ እርስዎ ሽቅብ ወደ ጆሮዋና ወደ ዓይኗ እንደሚሸሹ ያውቃላ! ከዚያ ከአንገት በታች አጥቦ ያበጥራል፣ ሚዶው የያዘውን ሳሙና ያለበት ውኃ ውስጥ ይነክራል። ንጹሕ ውኃ ላይ ቢጥልዎ ተንሳፍፈው ያመልጡ ነበር፤ በሳሙናው ግን እንደ ድንጋይ ይሰጥማሉ። ሁሉም ነገር በ5 ደቂቃ ማለቅ አለበት። በዚህ ዕድሜ የራሷን ሙቀት መጠበቅ ስለማትችል፣ ወዲያው በፎጣ ደርቃ፣ ሙቅ ውኃ ሞልቶት በጨርቅ ከተጠቀለለ ሃይላንድ አጠገብ ካልተኛች፣ ከእርስዎ የተረፈችውን እውነተኛው ብርድ ይወስዳታል።

መርዝ ላይ ግን የሚስቁት እርስዎ ነዎት። ባለቤቱ ተናዶ ለእህል ጎተራ የሚሸጠውን ዱቄት ይነሰንሳል፣ ወይም ለውሻ የተሠራውን ጠብታ ድመቷ ላይ ያንጠባጥባል። የውሻው ጠብታ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘውን ፐርሜትሪን የተባለ የተባይ መርዝ ውሻ ይችለዋል፤ የድመት ጉበት ግን በቶሎ ሊያፈርሰው ስለማይችል ያንቀጠቅጣታል፣ ይጥላታል፣ ይገድላታል። «ተፈጥሯዊ ይሻላል» የሚለውም የባሕር ዛፍ ዘይት ይቀባታል፤ ድመት የተቀባችውን ሁሉ ልሳ ስለምትውጥ ይኼም መርዝ ነው። ለድመት ተብሎ የተሠራ፣ ዕድሜዋና ክብደቷ ታይቶ የሚሰጥ መድኃኒት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ እንዳለ የሚያስታውሰው ከቀብሩ በኋላ ነው። እርስዎ በበኩልዎ ገላዋ ሲቀዘቅዝ ወርደው ሌላ ሙቅ ገላ ይፈልጋሉ። ለሠልስት እንኳ አይቆዩም።

ደግሞስ ድመቷ ማዕድዎ ናት እንጂ የልጆችዎ ቤት መች ሆነች? በቀን እስከ 50 እንቁላል ይጥላሉ። እንቁላሉ ልሙጥ ስለሆነ ጠጉር ላይ አይቆምም፤ ድመቷ በተኛችበት ሁሉ እንደ ጨው ይረግፋል። የሚፈለፈለው እጭ ብርሃን ይጠላል፣ ድርቀት አይችልም፤ ኑሮው የላስቲክ ምንጣፉ ጠርዝ ሥር፣ የጣውላው ስንጥቅ ውስጥ፣ ለቡና ተጎዝጉዞ ሳይጠረግ የሰነበተ ቄጤማ ሥር ነው። የጣና ዳር ክረምት እርጥበቱን በነጻ ያቀርብለታል። ካደገ በኋላ ድር አድርቶ፣ አቧራ ለብሶ ጎጆው ውስጥ ይተኛል። እዚያ ፍሊት አይገባም። ፍሊት ነፍቶ ከ2 ሳምንት በኋላ «መድኃኒቱ ውሸት ነው» የሚለውን ሰው የነከሰው ትናንት ከጎጆው የወጣው ነው።

ልጅዎ ከጎጆው የሚወጣበትን ሰዓት አለማድነቅ ንፉግነት ይሆናል። ባዶ ክፍል ውስጥ ለወራት ዝም ይላል። ኮቴ ወለሉን ሲያንቀጠቅጠው፣ የገላ ሙቀትና ትንፋሽ ሲደርሰው ግን ያኔውኑ ብቅ ነው። ከመስከረም ጀምሮ የተዘጋውን ክፍል ከፍቶ የሚገባውስ ማን ነው? አማት፣ ሻንጣ እየጎተቱ፣ ጫማ አውልቀው። 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽቅብ ለሚዘል ልጅዎ የሰው ቁርጭምጭሚት ሩቅ አይደለም። እኛ «እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት» እንላለን፤ እርስዎ ዘንድ በሦስተኛውም ቀን ወርቅ ነው።

ሲነጋ አማት እግራቸውን ያሳያሉ፤ ቀይ ነጥብ፣ ሦስት ሦስት እየሆነ። ወዲያው ትኋን ይከሰስና ፍራሹ ይገለበጣል። ትኋን የሚወደው በእንቅልፍ የተገለጠ ክንድና አንገት መሆኑን ማን አስታውሶ! ቁርጭምጭሚት የእርስዎ ርስት ነው። ነጭ ካልሲ እስከ ጉልበት ስቦ ክፍሉ ውስጥ 10 ደቂቃ የተንጎራደደ ሰው በዓይኑ ያይዎታል።

አማት «ኮሶ ያስይዛል» ተብለው ቁርጥ ሳይቀምሱ ይሰነብታሉ። ማታ ጭናቸው ላይ ከተኛችው ድመት ጭራ ሥር የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ሲንቀሳቀስ ያያሉ። እሱም የእርስዎ በረከት ነው፤ ድመቷ ገላዋን ስትልስ እርስዎን ትውጣለች፣ ሆድዎ ውስጥ የነበረው የኮሶ ዘመድ እርሷ ዘንድ ያድጋል። የትል መድኃኒት ያወርደዋል፣ እርስዎ መልሰው ያመጡታል።

መሄጃቸው ሲደርስ አማት አንዷን ድመት ይዘው ሊመለሱ ይፈልጋሉ። አውሮፓ ግን ከኢትዮጵያ ለምትገባ ድመት ቺፕ ይጠይቃል፣ ከ12 ሳምንት ዕድሜ ወዲህ የተሰጠ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይጠይቃል፣ ከክትባቱ 30 ቀን በኋላ የደም ምርመራ፣ ደሙ ከተቀዳ ወዲያ ደግሞ 3 ወር መጠበቅ። እርስዎ ያለ ቺፕ፣ ያለ ክትባት፣ በሻንጣው ስፌት ውስጥ ይሳፈራሉ።

ይህን ሁሉ ውለታ ለመመለስ ያህል፣ ዘንድሮ ክፍሉ እንግዳ ከመድረሱ 4 ሳምንት አስቀድሞ እንደሚከፈት እንገልጽልዎታለን። ድመቶቹ በደጅ ይቀራሉ። ካልሲ ያጠለቀ ሰው በየቀኑ ወለሉን እየደበደበ ይመላለሳል፤ ልጆችዎ እንግዳ መጣ ብለው ይወጣሉ። ላስቲኩ ተነሥቶ ፀሐይ ይመታል፣ ስንጥቁ በእርጥብ መጥረጊያ ይጠረጋል፣ ጥራጊው ይቃጠላል። ጋቢውና አንሶላው 60 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ የጋቢው ጥለት ቢደማ ይድማ። ማታ ወለሉ አጠገብ መብራት፣ ከመብራቱ ሥር ሳሙና ያለበት ውኃ በዝርግ ሳህን ይቀመጥልዎታል። መብራት ሲጠፋ ሻማ አንተካም፤ ቤት ማቃጠሉን ለድመቶቹ አንተውም።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለትኋን (በሐሰት ስለተገለበጠው ፍራሽ ይቅርታ)
ለአማት (ከ2 ጥንድ ነጭ ካልሲ ጋር)
ለድመቶቹ (ሚዶው ከታጠበ በኋላ)