ነብርን ከአዳራሽ ሆነው ለሚጠብቁልን

ከጥበቃ ክልል ውጭ የሚኖር ነብር መከታተል ይከብዳል የሚል ካለ መሃል አዲስ አበባ ይምጣና ከእኛ ይማር። ገደል መውጣት፣ ዱካ መከተል፣ ሌሊቱን በቁር ሲንዘፈዘፉ ማደር ድሮ ቀረ። እኛ ነብሩን የምንጠብቀው ከመስቀል አደባባይ ብዙም በማይርቅ ሆቴል አዳራሽ፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ የታሸገ ውኃችን ፊታችን ተደርድሮልን ነው። ቦታውም በብልሃት የተመረጠ ነው። ብሔራዊ ፓርክ አይደለም፣ ጥብቅ ደን አይደለም፣ የአደን ቀበሌም አይደለም። ከጥበቃ ክልል ውጭ መሆኑን የሚክድ አይኖርም።

ሰሞኑን እንዲህ ካለው አውደ ጥናት በአንዱ ታድሜ ነበርና አድናቆቴን ሳልጽፍ ማለፍ አልሆነልኝም።

አዘጋጆቹ የጉዳዩን ክብደት አሳምረው ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት ነብር ከጥንት መኖሪያው እስከ 75 በመቶ የሚደርሰውን እንዳጣ፣ ዛሬ ከሚገኝበት መሬት ደግሞ በሕግ የተከለለው 17 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። የቀረው ነብር የሚያድረው በገበሬ ማሳ ዳር፣ በቡና ጫካ፣ በቤተ ክርስቲያን ደን፣ በገደል ሥር ነው። ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ስላይድ ላይ በደማቁ ተጽፎ ነበር፤ ከዚያ ሻይ ወጣን። ከመድረኩ ጀርባ የተዘረጋው ባነር ላይ ግን ታይገር የሚሉት የእስያው ባለ ሰንበር አውሬ ነው የታተመው። እንግዳ መቀበል የኖረ ባህላችን ነውና ማንም ምንም አላለም።

የክብር እንግዳው አርፍደው ደረሱ፣ በመንገድ መዘጋጋት አሳበቡ፣ ንግግራቸውንም በትንቢተ ኤርምያስ ከፈቱ፤ ነብር ዝንጉርጉርነቱን ሊለውጥ ይችላልን? (ስለ ነብር ተናግሮ ይህችን ያልጠቀሰ ኃላፊ እስካሁን አልገጠመኝም።) እውነቱን ለመናገር፣ ነቢዩ ከአዳራሹ ሁሉ ቀድሞ ቁምነገሩን ይዞታል። የነብር ዝንጉርጉርነት ዕድሜውን ሙሉ አይለወጥም፤ የአንዱም ከሌላው አይገጥምም። ስለዚህ ካሜራ ትራፕ የሚሉትን፣ ትኩስ ገላ ያለው ነገር ውልብ ሲል በራሱ ጊዜ ፎቶ የሚያነሳውን ዕቃ፣ ነብር በሚመላለስበት መንገድ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት አጋጥሞ ማሰር ነው። ሁለት የሚያስፈልገው የነብር የግራ ጎን ከቀኙ ጋር ስለማይመሳሰል ነው። ከዚያ ይህቺ ባለፈው ወር ያለፈችው ናት፣ ይሄ ገና አዲስ ነው እየተባለ ይለያል። ስንቶቹ ተደጋግመው እንደተነሱ ታይቶም ካሜራው ያላገኛቸው ጭምር በስሌት ይገመታሉ።

የእኛዎቹ ካሜራዎች ከነካርቶናቸው ግምጃ ቤት ናቸው። ባትሪ የሚገዛበት የበጀት ርዕስ አልተገኘም። አንዱ ብቻ ለማሳያ ወጥቶ ከቡፌው አጠገብ ተቀምጦ ሳለ፣ አንድ ነገረኛ ልጅ ባትሪ ከየትም አምጥቶ አበራው። የተገኘው መረጃ እጅግ የሚያኮራ ነው። ነብር፣ ዜሮ። አንድ ምክትል ኃላፊ፣ አራት ጊዜ፣ ሁሌም በቀኝ ጎናቸው፣ ሳህን እንደያዙ። በግራ በኩል ካሜራ ስላልነበረ ጥብሱን ሲደግሙ የታዩት ሰው እሳቸው ይሁኑ ሌላ ማረጋገጥ አልተቻለም።

ለነገሩ እኛን ለመቁጠር ካሜራም አያሻም። ጠዋት ፊርማ፣ ከሰዓት ፊርማ። ስም፣ መሥሪያ ቤት፣ ስልክ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር። «ሁለቱ ፊርማ ያልተሟላለት አበል የለውም፤ ከሰዓት ያልፈረመ ነብር አየኝ ይበል» አሉ የፋይናንስ ሠራተኛዋ፣ በቀኑ ከተነገረው ሁሉ ከነብር ጋር የተያያዘች ቁርጥ ያለች ማስጠንቀቂያ እሷ ነበረች። በዚህች አገር እንደ አውደ ጥናት ተሳታፊ በጥንቃቄ የሚቆጠር አጥቢ እንስሳ አላውቅም። የሦስት ስብሰባ ስም ዝርዝር አምጥቶ ያመሳከረ ደግሞ ያንኑ መንጋ ያገኘዋል፤ ዛሬ የነብር ባለድርሻ የሆነው ትናንት የወባ፣ ከትናንት ወዲያ የአፈር አሲዳማነት ባለድርሻ ነበር። የሚንቀሳቀስበት ክልል ከሜክሲኮ እስከ ቦሌ ሲሆን፣ ሰኔ ላይ በጀት ሊዘጋ ሲል ቢሾፍቱና አዳማ ድረስ ይሰፋል።

ነብሩ ራሱ ሳይታይ መቆጠሩን የሚነቅፉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ታሪክ አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ1988 ሁለት ባለሙያዎች ከሰሃራ በታች ያሉትን ነብሮች ከ700 ሺህ በላይ አድርሰው ገምተዋል፤ ዋናው መለኪያቸውም የዝናብ መጠን ነበር። ዝናብ በበዛበት ነብር ይበዛል፣ አለቀ። ሌሎች ተመራማሪዎች «እጅግ ተጋኗል፣ የታደነውን የታረደውን የት አደረጋችሁት?» ብለው ተነሡባቸው እንጂ ሐሳቡ ለእግር ምንኛ ምቹ ነበር! የእኛም አገር ብትሆን ለረጅም ዓመታት የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይተስ ስምምነት መዝገብ ላይ በዓመት እስከ 500 ነብር በአደን መታሰቢያነት ወደ ውጭ የመላክ ኮታ ነበራት። የሚላከው ቁጥር ወጣለት፤ ያለውን በአገር ደረጃ ዞሮ የቆጠረ ግን የለም። አዳራሹ ውስጥ ያለነው እንግዲህ የዚህ ወግ ወራሾች ነን።

በውይይቱ ሰዓት አንድ ተሳታፊ «ሰው አጠገብ ያሉት ተይዘው ወደ ፓርክ ይወሰዱ» አሉና በጭብጨባ ተደገፉ። ከኋላ አንዲት ወጣት እጇን አውጥታ ይህ በሕንድ፣ በማሃራሽትራ ግዛት ጁናር አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ እንደተሞከረ፣ ከቦታቸው ተነቅለው የተለቀቁት ነብሮች በደረሱበት አካባቢ በሰው ላይ የሚደርሰው ጥቃት እንደጨመረ፣ ያልተነካው ነብር ግን ሸንኮራ አገዳ ማሳ ውስጥ ውሻና ድመት እየበላ ከሰው ጋር ተቻችሎ እንደሚኖር ማስረዳት ጀመረች። አወያዩ ሰዓታቸውን አዩ። «በጣም ጥሩ ነጥብ ነው፤ በሻይ ሰዓት ብትወያዩበት።» ሻዩ ግን አልፎ ነበር።

ከሁሉ የማረከኝ የማኅበረሰቡ ተወካይ መጋበዛቸው ነው። ከአንኮበር በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን እንደደረቡ በመጨረሻው ወንበር ተቀምጠዋል። አምስት ደቂቃ ተሰጣቸው።

«እኛ ጋ ሦስት ናቸው» አሉ። «እናትየዋ ቀኝ ጆሮዋ የተቀደደ ነው። ልጇ ዘንድሮ ሊለያት ነው። ወንዱ ከወንዙ ማዶ ነው የሚውል፤ አንዳንዴ ብቻ ብቅ ይላል። በግ የበላችብኝ ሁለቴ ነው፤ ሁለቴም በረቱ ክዳን አልነበረው። ከከደንኩት ወዲህ አልደፈረችኝም። ጎረቤቴ ግን አልታገሠም፣ ሥጋ ላይ መርዝ ነስንሶ አኖረላት። እሷ ሳትመጣ ጅቡና ጥንብ አንሳው አለቀ። የማዶዎቹ ደግሞ የነሱን ገድለው እፎይ አሉ፤ አሁን ዝንጀሮው እሸቱን አላስቀምስ ብሏቸው ልጆቹ ከትምህርት ቤት ቀርተው ሲጠብቁ ይውላሉ። ለበረት የሚሆን ቆርቆሮና ሽቦ ብታግዙን የኛ ሰው ነብር ገድሎ ምን ያተርፋል?»

አወያዩ ፈገግ አሉ። «አባታችን፣ እጅግ ገንቢ ሐሳብ ነው። ግን ያሉት በመረጃ የተደገፈ ነው?»

«ምን አልከኝ ልጄ?»

«ማለቴ፣ ክትትሉን የሚያደርግ አካል አለ?»

«ትንሹ ልጄ አለ፣ እረኛ ነው።»

አዳራሹ በደግነት ሳቀ። ቃለ ጉባኤ ያዡ «በአባሪ ይያዝ» ተባለ። ስለ ቆርቆሮው የተጠየቁት የፕሮጀክቱ አስተባባሪ፣ በጀቱ ለባነር፣ ለቲሸርት፣ ለቦርሳና ለግንዛቤ ማስጨበጫ የተመደበ እንደሆነ፣ ከርዕስ ወደ ርዕስ ማዛወር ደግሞ ኦዲት እንደሚያስነሳ በትሕትና አስረዱ። የነብር ጅራት አይያዝም፣ ከተያዘም አይለቀቅም ይባላልና የፕሮጀክቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ለሦስት ዓመት እንዲራዘም ግን በአንድ ድምፅ ተስማማን።

አዛውንቱ ምሳም አልጠበቁ። ላምበረት መናኸሪያ በጊዜ ካልደረሱ ደብረ ብርሃን ላይ ሊያድሩ ነው፣ ሊያድሩ ከሆነ ደግሞ ማታ በጎቹን አስገብቶ በረቱን የሚዘጋው ያ ትንሹ ልጅ ብቻውን ነው። የከሰዓቱ ፊርማ ቦታቸው ባዶ ስለቀረ የመሳፈሪያቸውን ከኪሳቸው ከፍለው ሄዱ። በማግስቱ በኢሜይል የደረሰን ሪፖርት «ያጋጠሙ ተግዳሮቶች» በሚለው ርዕስ ሥር አንድ ነጥብ ብቻ አስፍሯል፤ የማኅበረሰቡ ተሳትፎ ማነስ።